አቤቱታው ከገባ በኋላ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የሕዝብ አቤቱታ በምክር ቤት ኮሚቴ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ከሕግ መጻሕፍት ሁሉ ቀድሞ በዓይነ ሕሊናዬ የመጣው በክር የታሰረ አንድ አሮጌ አቃፊ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ይህን አቃፊ በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጽሕፈት ቤቴ መጡ። የሚጠይቁት የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ነበር። ክሩን ስፈታው ዐሥራ ዘጠኝ አቤቱታ አገኘሁ፤ እያንዳንዱም ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ የአራትና የአምስት መሥሪያ ቤት ስም የተደረደረበት ነው። በየኅዳጉ ላይ የተለያየ ሰው እጅ ጽሑፍ ይታያል፤ «ታይቷል»፣ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ»፣ «ተጣርቶ መልስ ይሰጣቸው»። ማኅተሙ ግልጽ ነው፤ ቀኑና ቁጥሩም የተሟላ ነው። ዐሥራ ዘጠኙንም አንብቤ ስጨርስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እኒህ ሴት በዚያ ሁሉ ዘመን ደጅ ሲጠኑ ጥያቄያቸው እንዳልተፈቀደላቸው፣ እንዳልተከለከላቸውም ነው። አቤቱታቸውን አልቀበልም ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

አቤት ማለት በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ «ጃንሆይ!» እያለ ይጮህ የነበረውን ሰው በዕድሜ የገፋነው ገና አልረሳነውም። ጉዳዩ ከዙፋን ችሎት ደርሶ የተፈረደለት ሰው ወሬም ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብን መብት ዐወቀ፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት የማለትን መብት ደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ከመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ ከማድረግ ነፃነት ጋር አያይዞ አስቀምጦታል። እነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ የሚናገሩት ስለ በሩ ነው። ወረቀቱ በሩን ካለፈ በኋላ በማን እጅ ይገባል? ምንስ ይደረግበታል? አመልካቹስ በመጨረሻ ምን ሊነገረው ይገባል? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ምክር ቤቶች የሰጡትን የተለያየ መልስ ላቀርብላችሁ ዐስቤአለሁ፤ አንደኛው የእንግሊዝ፣ ሁለተኛው የጀርመን ነው። የሰው አገር ሥርዓት እንዳለ ተነቅሎ ይተከል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ከእኛ ቀድመው በወረቀት ብዛት የተጨነቁ ናቸውና ከጭንቀታቸው የምንማረው አለ።

በእንግሊዝ አገር ለንጉሥ አቤት ማለት ወንጀል እንዳይሆን የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1689 በወጣው የመብቶች ሕግ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሰባት ጳጳሳት ለንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ አቤቱታ በማቅረባቸው ብቻ ተከሰው በጁሪ ፊት ነፃ ወጥተው ነበር። መብቱ ከተረጋገጠ በኋላ ችግሩ መልኩን ለወጠ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ወረቀቱ እንደ ጎርፍ መጣ፤ በ1843 ብቻ ለታችኛው ምክር ቤት የቀረበው አቤቱታ ከ33 ሺህ በላይ ነበር። ምክር ቤቱም በ1833 የሕዝብ አቤቱታዎችን የሚመለከት ኮሚቴ አቋቁሞ ስለ ነበር፣ ወረቀቱን የመመደቡና ፊርማውን የመቍጠሩ ሥራ ለዚህ ኮሚቴ ተሰጠ። ከዚሁ ጋር፣ አቤቱታ ሲቀርብ ወዲያው ክርክር እንዳይከፈት የሚያግድ ደንብ ወጣ። የምክር ቤቱን ጊዜ ለማዳን ታስቦ ነው፤ ይሁን እንጂ አቤቱታው ከክርክሩ ከተለየ በኋላ የቀረው ዕድል መቈጠር ብቻ ሆነ።

የዚህ ኮሚቴ ሥራ ጐልቶ የታየው በቻርቲስቶች ጊዜ ነው። ቻርቲስቶች የሚባሉት የእንግሊዝ ሠራተኞች ስድስት ነገር ይጠይቁ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ የመምረጥ መብት እንዲኖረው፣ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ፣ ለምክር ቤት አባልም ደመወዝ እንዲከፈለው የሚሉት ይገኙባቸዋል። በ1842 ያቀረቡት አቤቱታ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ፊርማ ነበረው፤ ጥቅሉ ከመግዘፉ የተነሣ በምክር ቤቱ በር አልገባ ብሎ በክፍል በክፍል ተቈርጦ ገባ። አመልካቾቹ ቀርበው ይሰሙ ወይስ አይሰሙ በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠና 49 ይሰሙ ሲሉ 287 አይሰሙ አሉ። በ1848 ዳግመኛ መጡ፤ መሪያቸው ፊርጉስ ኦኮነር የፊርማውን ቍጥር ከአምስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ነው አለ። ኮሚቴው በጸሐፊዎቹ አስቈጥሮ 1,975,496 ብቻ ሆኖ እንዳገኘው ለምክር ቤቱ አስታወቀ። ከፈራሚዎቹም መካከል የንግሥት ቪክቶሪያና የዌሊንግተን መስፍን ስም፣ እንዲሁም በሰው ላይ የማይገኙ የቀልድ ስሞች ነበሩ። ምክር ቤቱ በሣቅ ተሞላ፤ እንቅስቃሴውም ከዚያ በኋላ አላንሰራራም።

ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ለጨዋታ ይነገራል። እኔ ግን እንደ ሕግ ሰው ሳየው አያስቀኝም። የሐሰቱ ስም ሁሉ ቢሰረዝ እንኳ እጅግ ብዙ ሰው ይቀር ነበር፤ የእነዚህን ሰዎች ጥያቄ «እውነት ነው ወይስ አይደለም? ቢፈጸም ምን ይሆናል?» ብሎ የመረመረ ኮሚቴ አልነበረም። ቆጠራው በትክክል ተከናወነ፤ ምርመራው አልተጀመረም። ከስድስቱ ጥያቄዎች አምስቱ ውለው አድረው ሕግ ሆነዋል፤ የምስጢር ድምፅ በ1872፣ የአባላቱ ደመወዝ በ1911።

ኮሚቴው እየዋለ እያደረ ሥራው እየመነመነ ሄዶ በ1974 ቀረ። ልማዱ ግን አልቀረም፤ አንድ የምክር ቤት አባል የመረጠውን ሕዝብ አቤቱታ በአጭሩ ካሰማ በኋላ፣ ከአፈ ጉባኤው ወንበር በስተኋላ በተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ ይከተዋል። እንግዲህ የእኛ «ታይቷል» ብቻውን አይደለም፤ በቴምዝ ወንዝ ዳር ዘመድ አለው።

በ2015 የታችኛው ምክር ቤት የአቤቱታ ኮሚቴን እንደ ገና አቋቋመ። አባላቱ ዐሥራ አንድ ናቸው። አቤቱታው በኢንተርኔት ይቀርባል፤ ለማቅረብም ከአመልካቹ ሌላ አምስት ደጋፊዎች ያስፈልጋሉ። የኮሚቴው ሠራተኞች እያንዳንዱን ከደንቡ ጋር አመዛዝነው ወይ ያወጡታል ወይ ይመልሱታል። ከሚቀርበው የሚበዛው ይመለሳል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ተመሳሳይ አቤቱታ አስቀድሞ መኖሩ ነው። የተመለሰው ግን ስድብ ወይም የሰውን ስም የሚያጠፋ ነገር እስካልያዘ ድረስ ከነምክንያቱ በይፋ ይቀመጣል፤ ይህን ወድጄዋለሁ። የወጣው አቤቱታ ስድስት ወር ለፊርማ ክፍት ሆኖ ይቆያል። 10,000 ፊርማ ሲሞላ መንግሥት መልስ ይሰጣል፤ 100,000 ሲሞላ ደግሞ ክርክር እንዲደረግበት ኮሚቴው ይመክራል።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቁ ነገር የፊርማው ልክ አይመስለኝም። ትልቁ ነገር ኮሚቴው የመንግሥትን መልስ አንብቦ፣ የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሆኖ ሲያገኘው፣ «ይህ ለጥያቄው መልስ አይደለም፤ እንደ ገና ጻፉ» ብሎ መመለስ መቻሉ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጋር ደብዳቤ የተጻጻፈ ሰው ሁሉ የዚህን ሥልጣን ዋጋ ያውቃል። መልስ አልሰጥም የሚል መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የተለመደው በሌላ ጥያቄ ላይ መልስ መስጠት ነው።

ኮሚቴው ሥራውን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረገው ለአንጐል ዕጢ በሽታ ምርምር የሚመደበው ገንዘብ አነስተኛ ነው በሚል አቤቱታ ላይ ነበር። አመልካቿ በዚሁ በሽታ ወንድሟ የሞተባት ሴት ናት። ኮሚቴው ሕሙማንን፣ ቤተ ሰቦችንና ሐኪሞችን ሰማ፤ በመጋቢት 2016 ሪፖርቱን አወጣ፤ በሚቀጥለውም ወር ክርክር ተደረገ። በ2018 መንግሥት ለዚሁ ምርምር 40 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲመደብ ወሰነ። ለዚህ ውሳኔ በዚያው በሽታ ያረፉት የቀድሞዋ ሚኒስትር ቴሳ ጃወል ያደረጉት ትግል ትልቅ ድርሻ ነበረው እንጂ አቤቱታው ብቻውን አላደረገውም። ከዓመታት በኋላም ገንዘቡ ገና በሙሉ ሥራ ላይ አልዋለም የሚል ወቀሳ ተነሥቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ለሕግ ሰዎች ይበልጥ ያስተምራል። አንዲት ወጣት በእንግዳ ተቀባይነት ሥራዋ ላይ ባለ ተረከዝ ጫማ ባለማድረጓ ያለ ደመወዝ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እሷ ባቀረበችው አቤቱታ ላይ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። ኮሚቴው የሴቶችንና የእኩልነትን ጉዳይ ከሚከታተለው ኮሚቴ ጋር አንድ ላይ ሆኖ መረመረና በጥር 2017 ሪፖርት አወጣ። ያገኘው ነገር እንዲህ ነው፤ ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ አስቀድሞ አለ፤ እርሱም የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ነው፤ ነገር ግን አሠሪዎችም ሠራተኞችም አያውቁትም፤ ቢያውቁትም መክሰስ ከሚያስገኘው ጥቅም ድካሙ ይበልጣል። መንግሥት ሕጉ በቂ ነው ብሎ ቅጣቱን ለማክበድ ፈቃደኛ አልሆነም፤ በ2018 የአለባበስ መመሪያ ጽሑፍ አወጣ። እንግዲህ አመልካቿ «ሕግ ይውጣ» ብላ ነበር፤ ኮሚቴው ግን ሕጉ እንዳለና እንደማይሠራ አሳየ። አቤቱታን መመርመር ማለት አንዳንድ ጊዜ ከተጠየቀው ሌላ ችግር ማግኘት ነው፤ ይህን ደግሞ ፊርማ ቈጥሮ ማግኘት አይቻልም።

አሁን ወደ አቃፊው ልመለስ። የእኒያ እናት አቤቱታ ለዚህ ኮሚቴ ቢቀርብ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይመለስ ነበር፤ ደንቡ የግለሰብን የግል ጉዳይ አይቀበልምና። ስለ እውነት ለመናገር እንግሊዞች ይህን ዓይነቱን ሰው ሜዳ ላይ አልጣሉትም፤ ወደ ወረዳው የምክር ቤት አባል እንዲሄድ ይነግሩታል፤ አባሉም ጉዳዩን ከ1967 ጀምሮ ላለው የምክር ቤት እንባ ጠባቂ ሊያስተላልፍለት ይችላል። ቢሆንም ከኮሚቴው ፊት ለመቅረብ ብዙ ወዳጅ ያስፈልጋል። አቃፊ ታቅፎ የሚመጣ ሰው የሌለው ደግሞ ያንን ነው።

ጀርመኖች የጀመሩት ከሌላ ወገን ነው። የ1949ኙ መሠረታዊ ሕጋቸው በአንቀጽ 17፣ ማንኛውም ሰው ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ጥያቄውንና ቅሬታውን በጽሑፍ ለሚመለከተው ባለ ሥልጣንና ለሕዝብ ምክር ቤት ማቅረብ ይችላል ይላል። «ማንኛውም ሰው» የሚለው ቃል በሙሉ ትርጉሙ ይሠራበታል፤ እስረኛው፣ ልጁ፣ የውጭ አገር ዜጋውም ይጽፋል። ዋናው ነገር የመጣው በ1953 ነው። በዚያ ዓመት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው፣ አቤቱታ አቅራቢ መብቱ ወረቀቱን በማስረከብ ብቻ እንደማያበቃ ፈረደ። አቤቱታው የቀረበለት አካል ፍሬ ነገሩን መመርመር፣ በምን ሁኔታም እንደ ጨረሰው ለአመልካቹ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት አለ። ባልደረቦቼ፣ ይህን ፍርድ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ዐሥራ ዘጠኙ ወረቀቶች በፊቴ ተደርድረው ታዩኝ። በዚያ ፍርድ ሚዛን «ታይቷል» መልስ አይደለም።

በ1975 ደግሞ የአቤቱታ ኮሚቴ መኖር በራሱ በመሠረታዊ ሕጉ ውስጥ በአንቀጽ 45ሐ ተጻፈ፤ በዚያው ዓመት የወጣውም ሕግ ኮሚቴው ከመንግሥት መዝገብ እንዲጠይቅ፣ መሥሪያ ቤቶችን ገብቶ እንዲጐበኝ፣ አመልካቾችን፣ ምስክሮችንና ዐዋቂዎችን እንዲሰማ ሥልጣን ሰጠው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ወረቀቱ ሲደርስ ቍጥር ይሰጠዋል፤ መድረሱም ለአመልካቹ ይነገረዋል። የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ጉዳዩ የሚመለከተውን ሚኒስቴር በጽሑፍ ያስመልሳል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ለሁለት የምክር ቤት አባላት ይሰጣል፤ አንዱ ከመንግሥት ወገን፣ ሁለተኛው ከተቃዋሚ ወገን ነው። ሁለቱ በየግላቸው አይተው የሚስማሙበትን ወይም የሚለያዩበትን ያቀርባሉ፤ ኮሚቴው ይወስናል፤ ውሳኔው በዝርዝር ተጠቃሎ ለምክር ቤቱ ጉባኤ ቀርቦ ይጸድቃል። የውሳኔዎቹም ደረጃ የተለያየ ነው። ቅሬታው ትክክል ነው፣ መፍትሔም ሊሰጠው ይገባል የሚለው ከሁሉ የከበደው ነው፤ መንግሥት ጉዳዩን እንደ ገና ይየው የሚለው ይከተለዋል፤ ወደ ፊት ሕግ ሲዘጋጅ ይታሰብበት የሚልም አለ። የሚበዛው ግን ሊረዳ አልቻለም ተብሎ ወይም በሌላ መንገድ እልባት አግኝቶ የሚዘጋው ነው።

ይህ ኮሚቴ መንግሥትን ማዘዝ አይችልም፤ ሥልጣን የተከፋፈለ ነውና መዝገቡን ከመንግሥት እጅ ነጥቆ ራሱ አይወስንም። ይህን ድካም አድርገው የሚነቅፉት አሉ። እኔ አልነቅፈውም። ሚኒስቴሩ ምላሹን ሲጽፍ ከወዲያ በኩል መዝገቡን ሊያስቀርብ የሚችል፣ አንዱ ወገን ቢተወው ሌላው ወገን የሚያነበው ኮሚቴ እንዳለ ያውቃል። ብዙ ጉዳይ የሚስተካከለው ከውሳኔው በፊት፣ ጥያቄው ሚኒስቴሩ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ነው። በ2005 የኢንተርኔት አቤቱታን ሲጀምሩም ብዙ ፊርማ ያገኘ አመልካች በይፋ ስብሰባ እንዲሰማ አደረጉ እንጂ፣ ያለ ፊርማ የመጣውን ከምርመራ አላስወጡትም።

የ1953ቱ ፍርድ አንድ ጉድለት አለበት፤ መልስ ይሰጥ አለ እንጂ ምክንያት ይሰጥ አላለም። ጉድለቱን በኋላ የምክር ቤቱ ደንብ አሟላው፤ ለአመልካቹ የሚላከው ማስታወቂያ አጭር ምክንያት እንዲይዝ አዘዘ። ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር የእኒያን እናት መጨረሻ ልንገረው። ሃያኛውን አቤቱታ እኔ ጻፍሁላቸው። ግልባጭ አልነበረውም። ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ «ጡረታው ያልተከፈለበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልን» የሚል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አራት መስመር መልስ መጣ፤ በጋብቻ ማስረጃው ላይ ያለው የሟች የአያት ስም በግል ማኅደራቸው ካለው ይለያል፤ ስለዚህ ባልነታቸው አልተረጋገጠም። ባለቤታቸው ተቀጥረው ሲሠሩ የተጠሩት በአሳዳጊ አያታቸው ስም ኖሯል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በምስክር አስረድተን በፍርድ ቤት ለማረጋገጥ ሦስት ቀጠሮ በቃን። እናቲቱ መልሱን ሳነብላቸው ደስ አላላቸውም። «ይህን ለመንገር ነው ሰባት ዓመት?» አሉኝ።

በአገራችን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቍጥር 211/1992 ተቋቁሟል፤ ተጠሪነቱም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ቋንቋ የሚያውቁ ናቸው። ይሁን እንጂ የተቋሙ መኖር ምክር ቤቱ ራሱ በቋሚ ኮሚቴዎቹ በኩል የሚደርሰውን ወረቀት ከመመለስ ነፃ አያደርገውም ባይ ነኝ። «ለሚመለከተው መርተነዋል» ብሎ የጻፈ ኮሚቴ የጻፈው የጉዳዩን መጀመሪያ ነው። የተመራለት መሥሪያ ቤት ምን እንዳለ ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ካላጠገበውም መልሶ ጠይቆ፣ ለአመልካቹ ምክንያቱን እስኪያሳውቅ መዝገቡ ክፍት ሊሆን ይገባል። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ብዙ ሺህ ፊርማም አያስፈልግም፤ መዝገብ፣ የመልስ ቀን፣ የሚጠየቅበትም ሰው ያስፈልጋል።

የእኛንም ድርሻ ሳልናገር ብወርድ ያሳፍረኛል። በየፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው አቤቱታ የሚጽፉትን ሰዎች ስለ ቃል ማብዛታቸው እንወቅሳቸዋለን፤ ነገር ግን ግልባጭ ማብዛትን የተማሩት ከእኛ ነው። ለስድስት መሥሪያ ቤት የተጻፈ ወረቀት ስድስቱም ሌላው ያየዋል ብለው የሚያስቀምጡት ወረቀት ነው። እንግዲህ የማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በሚመጣው ዓመት የአቤቱታ አጻጻፍ ምሳሌ አዘጋጅቶ ለአባላት እንዲያድል ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአንድ ገጽ ባይበልጥ፣ ጥያቄው ከመጀመሪያው መስመር ቢጻፍ፣ አድራሻውም አንድ ብቻ ቢሆን እወዳለሁ። በመጨረሻውም መስመር «ጥያቄዬ ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የሚለው እንዳይቀር።